ለልጄ፦ በጣት ውስጥ ስለሚያልፈው ብርሃን

ጅማ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከአዲስ አበባ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኝ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ሕሙማኑ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ደግሜ አነበብኩት።

በብርሃን ስለሚያሰላው ቺፕ የጻፍሽልኝን እንዲህ ተረድቼዋለሁ፦ ኤሌክትሪክ በቀጭን ሽቦ ሲያልፍ ሽቦውን ያሞቀዋል፤ ብርሃን ግን በሲሊከን ላይ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ እየተከፈለና መልሶ እየተገናኘ፣ ሞገዶቹ ሲደጋገፉ እየጎላ፣ ሲጻረሩ እየደበዘዘ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈልገውን የማባዛትና የመደመር ሥራ በጉዞው ላይ እንዳለ ይፈጽመዋል። ውጤቱን ይዞ ማቆየት አሁንም በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ሥራ መሆኑንም ልብ ብያለሁ።

እኔ ዕድሜዬን የኖርኩበት ብርሃን ግን ጣት ላይ የሚሰካው ነው። ጃፓናዊው ታኩዎ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1974 መርሁን ይፋ ያደረገለት፣ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር፣ የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ቀይ ብርሃንና 940 አካባቢ የሆነውን፣ ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ በጣት ውስጥ ያሳልፋል፤ ኦክስጅን የተሸከመ ደም ኢንፍራሬዱን፣ ኦክስጅን ያጣው ደግሞ ቀዩን አብዝቶ ይውጣል። መሣሪያው ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን ብቻ ለይቶ ስለሚይዝ፣ አጥንትና ሥጋ አያደናግሩትም ይባላል።

ባለፈው ክረምት ከአጋሮ ገጠር የመጡ አንድ አዛውንት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው በትከሻቸው ይተነፍሱ ነበር። መሣሪያው 94 በመቶ አለ፤ ብዙም የማያሰጋ ቁጥር ነው። ቁጥሩን አምኜ ሌላ ሕመምተኛ ዘንድ ሄድኩ፤ ኋላ ከደም ቧንቧቸው የተቀዳው ደም ሲመረመር ግን ኦክስጅኑ 86 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ዳኑ፤ እኔ ግን ያን ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ እንዲህ ተደብቆ የሚያልፍ የኦክስጅን እጥረት በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚደጋገም አሳይቷል። የቆዳችን ቀለምም ብርሃን ይውጣልና። (ጥቁር ሂና የተቀባች ሙሽራ ስትመጣማ መሣሪያውን ከጣቷ ወደ ጆሮዋ ጫፍ እናዛውረዋለን።)

ስለዚህ ልጄ፣ ቺፕሽ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ከጣት የሚቀበለው ቁጥር የተሳሳተ ከሆነ ስሕተቱን ነው የሚያፈጥነው። የመመረቂያ ሥራሽን ገና አልመረጥሽ ከሆነ፣ በእኛ ቆዳ ላይ በትክክል የሚለካ የብርሃን መሣሪያ ቢሆንልኝ ደስታዬ ነው። ለዕረፍት ስትመጪ የሠራሽውን ይዘሽ ነይ፤ መጀመሪያ በእኔ ጣት ላይ ሞክሪው።

እናትሽ