ቡቺ እንዴት ተዋናይ ሆነ? የፊልም ክበብ የዓመት ዘገባ

ዘንድሮ የፊልም ክበባችን በ23 አባላት ጀመረ። ፕሮጀክተራችን ጥቅምትን ሙሉ ተበላሽቶ ከረመ፤ እሱን እንለፈው። ዋናው ሥራችን የተጀመረው ኅዳር ላይ፣ አንዲት አጭር ፊልም ካየን በኋላ ነው።

ፊልሟ «ሬስኪውድ ባይ ሮቨር» (በሮቨር የዳነች) ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1905 እንግሊዝ ውስጥ የተሠራች፣ ድምፅ የሌላት፣ ሰባት ደቂቃ ገደማ የምትፈጅ ናት። ሴሲል ሄፕወርዝ የሚባል ሰው ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ሠራት። ታሪኩን የጻፈችው ሚስቱ ናት፤ እናት ሆና የተጫወተችውም እሷው። አባትየው ራሱ ሄፕወርዝ ነው። አንዲት ለማኝ የምትሰርቃት ሕፃን የገዛ ልጃቸው ናት። ሕፃኗን ፈልጎ የሚያገኘውና ተመልሶ አባቷን የሚጠራው ሮቨርም የቤታቸው ውሻ ነው፤ እውነተኛ ስሙ ብሌር። ወጪው በሙሉ 7 ፓውንድ ከ13 ሺሊንግ ከ9 ፔኒ ነበር። የኛ ገንዘብ ያዥ ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች፤ የክበቡ ካዝና ውስጥ 340 ብር ነበረና።

ልጆቹ መጀመሪያ «ቲቸር፣ ከለር የለውም እንዴ?» ብለው አጉረመረሙ። ሮቨር በመስኮት ዘሎ ሲወጣ ዝም አሉ። ወንዙን ዋኝቶ ተሻግሮ ውኃውን ከላዩ ሲያራግፍ፣ ከኋላ «አቦ፣ ጀግና!» የሚል ድምፅ መጣ።

ፊልሟ 395 ኮፒ ተሸጣለች። ኮፒ በበዛ ቁጥር ኔጋቲቩ፣ ማለትም ኮፒዎቹ የሚወጡበት ዋናው ፊልም፣ እየተጎዳ ስለሄደ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ተቀረጸች። ሁለተኛውም አለቀ፤ ሦስተኛ ተቀረጸች። ያ ምስኪን ውሻ እንደገና ወደ ወንዙ!

እኛም የራሳችንን ለመሥራት ተነሣን። አንዲት ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቆልፎባት ትቀራለች፤ ውሻው ወደ ግቢው በር ሮጦ ጥበቃውን ይዞ ይመጣል። ተዋናዩ ቡቺ ነው፣ የጥበቃው ጋሼ ውሻ። አጥንት እያሳየን ልናስሮጠው አስበን ነበር። ቀረጻው ግን ዐቢይ ጾም ላይ ዋለና ሰፈር ያለው ሥጋ ቤት ዝግ ሆነ። በዳቦ ሞከርን። ቡቺ ዳቦውን በልቶ ተኛ።

መላ የመጣው ከራሳቸው ከጋሼ ነው። ከካሜራው ጀርባ ቆመው አንዴ አፏጩ። ቡቺ ሜዳውን አቋርጦ፣ ጆሮው ወደ ኋላ ተኝቶ፣ እንደ ጥይት መጣ። ለኔ የብሌርም ምሥጢር ይኸው ነው የሚመስለኝ። ከዓመታት በኋላ የመጣው የሆሊውዱ ውሻ ሪን ቲን ቲን በደንብ የሠለጠነ ባለሙያ ነበር። ብሌር ግን ከገዛ ቤተሰቡ ጋር የዋለ የቤት ውሻ ነው።

ኤዲት አድርገን ስናየው ግን አንድ ነገር አልጥም አለን። ቡቺ ጋሼን ሊጠራ ይሮጣል፤ ከዚያ ደግሞ ይሮጣል፤ እየሄደ ይሁን እየተመለሰ አይታወቅም። ለካ ሁሌም ወደ ካሜራው ሲመጣ ነው የቀረጽነው። ሮቨርን እንደገና ከፍተን በጥሞና አየነው። ሲሄድ ፊቱን፣ ሲመለስ ጀርባውን ነው የምናየው። መንገዱም አንድ ነው፤ ያው ጎዳና፣ ያው ወንዝ። ስለዚህ አንድም ጽሑፍ ሳያስፈልግ ተመልካቹ የት እንዳለ ያውቃል። ይህን ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ሥዬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ! የመልሱን ጉዞ በድጋሚ ቀረጽን። በማግሥቱ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ፣ ምክንያቱም ካሜራ ያዡ ስልኩን ቻርጅ ሳያደርግ መጥቶ ነበር።

ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን አሳየነው። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ጋሼ የአዳራሹ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ቡቺ እግራቸው ሥር። ድምፁን ስናስተካክል ፉጨቱን ማጥፋት ረስተናል። ልክ ከስፒከሩ ሲወጣ ቡቺ ብድግ ብሎ ወደ ስክሪኑ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ከዚያ ዞሮ ጋሼን ቀና ብሎ አያቸው።