እባክሽ ለማሙሽ ደውይለት

ሚጡዬ፣

ዘጠኝ ወር ሆነ። ለእማማ አርባ እደውላለሁ ብዬሽ አርባውም አለፈ፣ ሰማንያውም አለፈ። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ። ቀጥሎ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ኀፍረቱ ራሱ ስልኩን እንዳላነሳ ያዘኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ። ስንገናኝ አንገትሽ ላይ ተጠምጥሜ አለቅስልሻለሁ። ዛሬ ግን የጻፍኩልሽ ቸግሮኝ ነው። ባይቸግረኝ አሁንም ዝም እል ነበር ብዬ እፈራለሁ። ይሄንንም ልደብቅሽ አልፈለግኩም።

ነገሩ የወንድሜ የማሙሽ ነው።

አትደንግጪ፣ ጤነኛ ነው። ከስቷል፣ ጢሙን አሳድጓል። አንቺ እኛ ቤት ስትመጪ ቦርሳሽን ካልያዝኩ ብሎ ያለቅስ የነበረው ልጅ 31 ዓመት ሞላው። ስምሽ ሲነሳ አሁንም ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ኮሌታውን ያስተካክላል። እንደኔ እንደኔ አልወጣለትም!

ቶሮንቶ ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሌሊት ዌርሃውስ (መጋዘን) ውስጥ ዕቃ ይጭናል፣ ቀን የሐኪሞችን ፈተና ያጠናል። መቼ እንደሚተኛ እግዜር ይወቅ። የመጀመሪያውን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፏል። እዚህ ግን ፈተና ማለፍ ብቻውን ሐኪም አያደርግም። ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚሰለጥኑበትን ቦታ፣ ማግኘት አለበት። ከውጭ ተምሮ ለመጣ ሰው የተመደበው ቦታ ደግሞ ጥቂት ነው። ስንቱ ፈተናውን አልፎ በር ላይ ቆሟል።

ከሦስት ሳምንት በፊት እራት ላይ አንድ ነገር ተናገርኩት። ምን እንዳልኩት እነግርሻለሁ፣ ግን አሁን አልወጣ ብሎኛል። መጀመሪያ ስለ ሁለት ሰዎች ላውራሽ። ሰሞኑን ሳስብ የማድረው እነሱን ነው።

አንዱ አከራያችን ነው። ፖርቱጋላዊ ነው፣ ከአዞሬስ ደሴቶች፣ ሳኦ ሚጌል ከምትባለው። የምንኖረው ቤዝመንቱ (ምድር ቤቱ) ውስጥ ነው። ወደ ብሎር መንገድ ስትወጪ የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች አሉ፣ ወደ ዳንደስ ስትወርጂ የእነሱ ዳቦ ቤቶች። በየበሩ ላይ የፋጢማ ማርያም የተሳለችበት ሸክላ ተለጥፏል። ቤቱን ለማየት የመጣሁ ቀን ልቤን ያሳረፈችው እሷ ነች።

ሰውየው የተማረው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በአምባገነኑ በሳላዛር ዘመን ለደሃ ልጅ እሱም ትምህርት ነበር። እዚህ የመጣው በ1969 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)፣ በ17 ዓመቱ። ከሱ የቀደሙት በ1953 በመርከብ ሃሊፋክስ ወርደው ወደ እርሻና ወደ ባቡር ሐዲድ ሥራ የተበተኑ ናቸው። እሱ አርማታ ሙሌት ገባ። ሚስቱ መሃል ከተማ ያሉትን ፎቆች ማታ ማታ ታጸዳ ነበር። በ1984 ፈርስት ካናዲያን ፕሌስ በሚባለው ባለ 72 ፎቅ ሕንፃ የጽዳት ሠራተኞቹ አድማ መትተው ነበር። አብዛኞቹ የእነሱ አገር ሴቶች ናቸው። እሷ የምትሠራው ሌላ ሕንፃ ላይ ነበር፣ ግን ያንን ስታወራ ድምጿ ይለወጣል። «እንግሊዝኛ አናውቅም ነበር፣ እንቢ ማለት ግን እናውቅ ነበር» ትለኛለች።

ቤቱን የገዙት በ1978 ነው። ላዩን አከራይተው ራሳቸው ከነልጆቻቸው ቤዝመንት ገቡ። እኔ ሽንኩርት የምከትፍበት ወጥ ቤት እነሱ 11 ዓመት ያበሰሉበት ነው። ግድግዳው ላይ የልጆቹ ቁመት በእርሳስ ተሰምሯል፣ እስካሁን አልተቀባም። እኔም እንዲቀባ አልፈልግም። ዛሬ ያ ቤት ከሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል፣ ሳንቲም ዕዳ የለበትም። የሱ ብቻ እንዳይመስልሽ። የፖርቱጋሎቹ የትምህርት ደረጃ ዝቅ ያለ ቢሆንም፣ የራሳቸው ቤት ያላቸው ብዛት ግን እዚህ ከተማ ስማቸውን ያስጠራ ነው።

እንዴት ሆነላቸው ስትዪ፣ ደቦ ነው ሚጡ። ሌላ ስም የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ሰባት ወንድ ሆነው የአንዱን ጓሮ አርማታ ይሞላሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሌላውን ጣሪያ ይከድናሉ። ሥራውም እንደዚያው ነው። አንዱ ሌላውን ወደ ሎካል 183 ያስገባል። የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር (ዩኒየን) ነው፣ የእነሱ ሰው ሞልቶበታል። ዩኒየኑ በሰዓት ደህና ክፍያ አስገኘ፣ ጡረታ አስገኘ፣ የጥርስ ሕክምና ሳይቀር። ሽማግሌው ዛሬ ጡረታው በየወሩ ይገባለታል።

ግን ጉልበቱን ብታዪው። ደረጃ ሲወርድ ወደ ኋላ ዞሮ ነው፣ እንደ ሕፃን። ከባንክ የሚመጣለትን ደብዳቤ የማነብለት እኔ ነኝ። ልጁ በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ አርማታ ገባ፣ ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር። እዚህ ከተማ ያሉ ትምህርት ቤቶች የፖርቱጋል ልጆች ትምህርት በብዛት ያቋርጣሉ እያሉ ለዓመታት ተጨንቀውበታል። ሴትየዋ አንድ ቀን አብረን ባቄላ ስንፈለፍል «ቤቱን ገዛንለት፣ ደብተሩን ግን ማን ያየለት ነበር? እኔ ማታ ሥራ፣ አባቱ ቀን ሥራ» ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ሁለተኛው ሰው ግብፃዊ ነው። እኔ ካሸር ሆኜ የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት የሚያደርስ፣ ኮምፒውተር ላይም የሚያግዝ አንድ ሰው አለ። ሁላችንም ዶክቶር ነው የምንለው፣ ምክንያቱም ዶክተር ነው። አስዩት ነው የተማረው፣ አገሩ የሕፃናት ሐኪም ነበር። ከመጣ 16 ዓመቱ ነው። ፈተናዎቹን በሙሉ አልፏል። ለሬዚደንሲ አራት ጊዜ አመለከተ፣ አራት ጊዜ አልተሳካም። ሌሊት ኡበር ይነዳል። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ መድኃኒት ልትወስድ ስትመጣ የሕፃኑን አተነፋፈስ ጆሮው ሳይፈልግ ይሰማል፣ አየዋለሁ። ፊቱ ይቀየራል። ከዚያ ቀስ ብሎ «ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው» ይላታል። ከዚያ በላይ ማለት አይችልም።

በእንቁጣጣሽ ዕለት በጠዋት መጥቶ «እንኳን ለናይሩዝ አደረሰሽ» አለኝ። የእነሱም አዲስ ዓመት በዚያው ቀን ነው፣ እነሱም 13 ወር አላቸው። ይሄን ካወቀ ጀምሮ ማሙሽ ወንድሜ ይለዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ላይብረሪ ወስዶ ያስጠናዋል፣ ያረጁ ማስታወሻዎቹንም ሰጥቶታል።

ግብፆቹ እዚህ የመጡበት መንገድ ሌላ ነው። የግብፁ መሪ ናስር በ1961 ፋብሪካውንና ባንኩን ሲወርስ ነጋዴውም የተማረውም መውጣት ጀመረ። በ1964 ቶሮንቶ ውስጥ የቅብጦች ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመ። በ1967 ደግሞ ካናዳ ሰውን በነጥብ ማስገባት ጀመረች፣ ለተማረ ነጥብ ይበዛለታል። ግብፅ ዩኒቨርሲቲውን በ1962 በነፃ አድርጋው ስለነበር ዲግሪ የያዘ ሞልቶ ነበር። በቁጥር ከፖርቱጋሎቹ ያንሳሉ። የፖርቱጋል ዘር ያለው ካናዳዊ ከ400 ሺህ በላይ ነው፣ ግብፆቹ አንድ መቶ ሺህ ቢሆኑ ነው። በትምህርት ግን አይገናኙም።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው ሚጡ። አንድ አገር ሰውን በዲግሪው ነጥብ ሰጥቶ ያስገባል፣ ከገባ በኋላ ዲግሪህን አላውቀውም ይለዋል። አከራያችንን ጉልበት ብለው ጠሩት፣ ጉልበቱን ወሰዱ፣ ከፈሉት። ዶክቶርን እውቀት ብለው ጠሩት፣ እውቀቱን አስቀምጠው የመኪና መሪ አስጨበጡት። ይሄ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሁሉም እንደሱ ነው ብዬ ግን አላታልልሽም። የፋርማሲው ባለቤት ራሱ ግብፃዊ ነው። ለፋርማሲስት ፈተናው ከባድ ቢሆንም በሩ ሰፋ ያለ ነው፣ ከቶሮንቶ ጎን ባለችው ሚሲሳጋ አካባቢ የእነሱ ሰው የያዘው ፋርማሲ ብዙ ነው። የዶክቶር ሚስትም ፋርማሲስት ነች፣ ኑሯቸውን ያቆመችው እሷ ነች። ትልቋ ልጃቸው ዘንድሮ ሕክምና ገባች። የዚያን ዕለት ኬክ ይዞ መጥቶ ለደንበኛው ሁሉ ቆርሶ አደለ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ባስ ውስጥ በአንድ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሁለቱን ጻፍኳቸው። በዚህ በኩል ፖርቱጋሎቹ፣ በዚያ በኩል ግብፆቹ። ማን ይሻላል ብዬ። አሥር ዓመት ላይ ካየሻቸው አራተኛ ክፍል የተማረው ቤት አለው፣ ሐኪሙ የለውም። ሠላሳ ዓመት ላይ ካየሻቸው የአንዱ ልጅ ሐኪም ትሆናለች፣ የሌላው ልጅ ወገቡን ይዞ ይነሳል። ግን ያ ልጅ ቤት ይወርሳል። የዶክቶር ልጅ ደግሞ የምትወርሰው ቤት የለም። ወረቀቱ ሞላ፣ መልስ አላገኘሁም። ፌርማታዬም አለፈኝ።

አሁን ወደዚያ እራት ልመለስ።

ሽማግሌው ማሙሽን ይወደዋል። ልጁ አሁን ፎርማን ነው፣ «ዩኒየን ላስገባው፣ በዓመቱ ደህና ገንዘብ ይይዛል» አለኝ። እኔ ደስ አለኝ። እራት ላይ ነገርኩት። ማሙሽ ዝም ብሎ ሰማኝና «እሱ ቤት የገዛው በ1978 ነው። እኔ ዛሬ አርማታ ብሞላ የምገዛው የቱን ቤት ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። መልስ አልነበረኝም። መልስ ሳጣ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ እጮሃለሁ። «ዲግሪህ ኪራይ አይከፍልም» አልኩት። በዚያ ባቆም ምን አለበት። «እኔ እስከ መቼ ልሸከምህ?» አልኩት።

የያዘውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። እጁን ታጥቦ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓርብ ዓርብ 300 ዶላር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። «እሺ»፣ «ደህና»፣ «አመሰግናለሁ»፣ በቃ። ብሩን አልነካሁትም፣ ድስት ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እማዬ ብትሰማ ምን ትለኛለች?

ሸክም ሆኖብኝ አያውቅም። ለሱ ይሄን ለማለት አፌን ስከፍት ይዘጋኛል። ይቅርታ ልጠይቀው ሁለቴ በሩ ላይ ቆሜ ተመለስኩ።

ስለዚህ ሚጡዬ፣ ደውይለት። አንቺን ይሰማል። ተው በይው አላልኩሽም፣ ቀጥል በይውም አላልኩሽም። የኔ ሐሳብ፣ ሁለት ዓመት ወስኖ ይሞክር፣ እስከዚያው ሌሊቱን ትቶ ቀን ይሥራ፣ ማታ ይተኛ ነው። ሌሊት ሥራና ጥናት አንድ ላይ ይገድለዋል። ግን እኔ ስለው ተስፋ እንደቆረጥኩበት ይሰማዋል። አንቺ ስትዪው ሌላ ነው። የሕግ ዲግሪሽን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጠሽ ነርስ የሆንሽ አንቺ ነሽ።

እና... ይሄን ልጻፈው ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ያኔ ለነርስነት ተመዘገብኩ ስትዪኝ «ጎበዝ!» ብዬ ጮህኩልሽ። አመመሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኩሽም። አንድም ቀን። አሁን ማሙሽ ሲከሳ እያየሁ ነው ያ የገባኝ። የዚያን ሰሞን ማታ ማታ እየደወልሽ ስለማይረባ ነገር የምታወሪኝ፣ ልዝጋው ስልሽ «ትንሽ ቆይ» የምትዪኝ ለዚህ ነበር? መልስ ባትሰጪኝም ይገባኛል። ብትሰጪኝ ግን ሌሊቱን ሙሉ እሰማሻለሁ።

ማሙሽ ማክሰኞ ሥራ የለውም። ከአሥር ሰዓት በኋላ ይነሳል። እኔ ጻፍኩልሽ እንዳትዪው። ስለ እማማ ሊያወራሽም ይፈልጋል፣ እሱ በአርባው ሻማ አብርቶላታል። ከኔ ተሻለ።

ይሄን የምጽፍልሽ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ላይ ጋራዡ ውስጥ ሽማግሌው ወይን እየጨመቀ ነው። መስከረም ሲሆን ወይኑ በሣጥን በሣጥን ይመጣል፣ ቤቱ በሙሉ ይሸታል። ማሙሽን እንዲያግዘው ጠርቶታል። መጭመቂያው ሲያቃስት ይሰማኛል፣ ማሙሽም ሲስቅ ይሰማኛል። ሳቁን ከሰማሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ወጥቼ ልቀላቀላቸው ፈልጌ ደረጃው ሥር ቁጭ ብያለሁ።

ያንቺው