ሴት ጀርመን ሸፐርድ ላላችሁ አባላት

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን «ውሻዬን መቼ ላስጠቃት?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እባካችሁ፣ 2 ዓመት ሳይሞላት አትቸኩሉ። ወንድ መፈለግ ጀመረች ማለት ለመውለድ ደረሰች ማለት አይደለም። የዚህ ዝርያ አንዱ ትልቅ ችግር ዳሌው ነው፣ በዘርም ይተላለፋል። ስለዚህ የእሷም የወንዱም ዳሌ ራጅ ይነሳ። ቁመናው ያማረ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷንም ቀድማ ትጨርስ።

እርግዝናው 63 ቀን አካባቢ ነው። መጀመሪያ ላይ ምግብ አትጨምሩላት። ከ6ኛው ሳምንት ወዲህ ግን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ስጧት። ሆዷ በቡችላ ስለሚሞላ ብዙ አይይዝላትም። ካልሲየም ግን ሐኪም ሳያዝ በፍጹም! እኔ «ያጠነክራታል» ሲሉኝ ለራሴ ውሻ በእርግዝናዋ ሰጠኋት። በወለደች በ2ኛው ሳምንት መንቀጥቀጥ ጀመረች። በሌሊት ተሸክሜያት ሐኪም ጋ ሮጥኩ። ተርፋለች፣ ያንን ሌሊት ግን አልረሳውም።

መውለጃዋ ሲቃረብ ሙቀቷን ለኩ። ከ37.2 ዲግሪ በታች ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይጀምራል። 30 ደቂቃ ሙሉ በኃይል እያማጠች ቡችላ ካልወጣ ወዲያው ለሐኪም ደውሉ። የሐኪሙን ስልክ ቁጥር ከአሁኑ ያዙ።