የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ «ቲቸር፣ ማን ነው የፈረመው?»

ባለፈው ዓመት በዚህ መጽሔት ላይ ለክበባችን የተሰጠው ቦታ ሁለት መስመር ነበር። በድራማ ክበብና በቀይ መስቀል መሃል ተጨምቀን። ዘንድሮ ሙሉ ገጽ ተፈቅዶልኛል፤ አመሰግናለሁ፣ እጠቀምበታለሁም።

መጀመሪያ ለሐሜቱ መልስ ልስጥ። «እነዚህ ልጆች ኮምፒውተር ክፍል ገብተው ጌም ነው የሚጫወቱት» ይባላል። ጥቅምት ላይ ሁለት ልጆች ሲጫወቱ ይዣለሁ፤ አልክድም። የቀረውን ዓመት ምን እንደሠራን ደግሞ ይኸው።

ርዕሳችን አንድ ነበር፦ ከባንክ መጣ የተባለ ኢሜይል እውነት ከባንኩ መምጣቱን በዲጂታል ፊርማ ማረጋገጥ። «ለመሆኑ ባንክ ለእኛ ኢሜይል ይልካል እንዴ?» ያሉኝ ባልደረባ አሉ። ለእሳቸውና ለእኔ ላይልክ ይችላል። የእኛ ደመወዝ መግባቱንም ማለቁንም የሚነግረን የስልክ መልእክት ነው። ጎንደር ግን የእንግዳ ከተማ ናት። ፋሲል ግቢ ዙሪያ ፔንሲዮን የከፈተው፣ አስጎብኚው፣ ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልከው ነጋዴ ከባንኩ ጋር በኢሜይል ይጻጻፋል። አጭበርባሪውም ይህን ያውቃል።

ስብሰባችን ረቡዕ ረቡዕ ከ9 ሰዓት በኋላ ነው፤ መብራት ካለ። አባላት 24፣ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች 6። ቃለ ጉባኤው ቢሮ ተቀምጧል፤ የፈለገ ያንብበው።

ልጆቹን የያዛቸው የመጀመሪያው ሙከራ ኢንተርኔት እንኳ አላስፈለገውም። አንድ ፋይል ላይ «ፀሐይ ወጣች» ብለን ጻፍን። ዊንዶውስ ውስጥ በራሱ ባለው ትእዛዝ የፋይሉን አሻራ አወጣን። ሻ-256 ይባላል፤ የፋይሉን ይዘት አስልቶ 64 ፊደልና ቁጥር ይደረድራል። ከዚያ ሐመሩን «ሐ» በሃሌታው «ሀ» ተካነው። ሲነበብ ያው ፀሀይ ናት። አሻራው ግን ከዳር እስከ ዳር ሌላ ሆኖ መጣ። በኮሪደሩ ሲያልፉ የነበሩት የአማርኛ መምህራችን ገብተው አዩና «ይህን ማሽን ለፈተና እርማት ስጡኝ» ብለው ሄዱ።

ዲጂታል ፊርማ የሚያርፈው በዚህ አሻራ ላይ ነው። ላኪው ለራሱ ብቻ ባለው ቁልፍ ይፈርማል። ማረጋገጫው ሌላ ቁልፍ ነው፤ እሱ ለማንም ክፍት ነው። ክብ ማኅተም ስካን ተደርጎ ሌላ ደብዳቤ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ይህኛው ፊርማ ግን ከዚያው ጽሑፍ ውጭ አይሠራም። ልጆቹ የዘንድሮ ግኝት መስሏቸው ነበር። አርኤስኤ የሚባለው የመፈረሚያ ዘዴ የወጣው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው ስላቸው «እርስዎ ሳይወለዱ?» አሉኝ። አዎ፣ እኔ ሳልወለድ።

ስለ ማኅተም ካነሳን፣ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ሄደን ነበር። ለደንበኛ የምትልኩትን ኢሜይል ትፈርሙበታላችሁ ወይ ብለን ልንጠይቅ። ጥያቄያችሁን ክብ ማኅተምና ቲተር ባለበት ደብዳቤ አምጡ ተባልን። አመጣን። ማኅተሙ ደብዝዟል ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛውን ካስገባን አራት ወር ሆነን። ስንወጣ አንዱ ልጅ «የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለን ብለውን አልነበር?» አለኝ። አለን።

አሁን ወደ ግንቦት ልምጣ። አንዲት የ10ኛ ክፍል አባላችን አጎት ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ፔንሲዮን አላቸው። «ሂሳብዎ ሊታገድ ስለሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ እዚህ ተጭነው ያረጋግጡ» የሚል ኢሜይል ደርሷቸው እንቅልፍ አጥተዋል። አምስት ልጆችና እኔ ከርዕሰ መምህሩ አስፈቅደን በእግራችን ወረድን። ላፕቶፕ ይዘናል፤ የስልኩ የጂሜይል አፕ የመልእክቱን ሙሉ ምንጭ አያሳይም። ላፕቶፑ የራሴ ነው፤ ይህም ይመዝገብልኝ።

ሰውየው ቡና አስፈልተው ጠበቁን። ኢሜይሉን ከፈትን፣ ሦስቱን ነጥብ ተጭነን «ሾው ኦሪጅናል» አልን። ኤስፒኤፍ፣ ላኪው ሰርቨር የተፈቀደለት መሆኑን የሚያየው፦ ፓስ፣ አለፈ ማለት ነው። ዲኪም፣ የኢሜይሉን ዲጂታል ፊርማ የሚያየው፦ ፓስ። እኔ ደስ አለኝ። «ፊርማው ትክክል ነው፤ አንቱም አይስጉ» አልኳቸው። እጃቸው ወደ ሊንኩ ሲሄድ አየሁ።

ልጅቱ ግን አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ደርሶ ነበር።

«ቲቸር፣ ማን ነው የፈረመው?»

«ባንኩ ነዋ።»

«አይደለም። እዚህ ጋ ይዩ።»

ከፓስ ቀጥሎ የፈረመው ዶሜን ስም ተጽፏል፤ ዶሜን ማለት በኢሜይል አድራሻ ከ@ በኋላ የሚመጣው ዓይነት ስም ነው። የባንኩን ይመስላል። አንድ ፊደል ግን ደግሟል፤ ከኋላው ደግሞ ሰረዝና «ሴኪዩር» የሚል ቃል ተቀጥሎበታል። ባለፈው ወር የመጣውን እውነተኛ የባንክ ኢሜይል ፈልጋ ከጎኑ ከፈተችው። «ይኼ ሐመሩ፣ ይኼ ሃሌታው» አለች በጣቷ እያሳየች።

ዲኪም የሚነግረን መልእክቱን የፈረመው ይህ ዶሜን መሆኑንና የተፈረመበት በመንገድ ላይ አለመነካቱን ነው። ዶሜኑ የማን እንደሆነ አይነግረንም። አጭበርባሪም ዶሜን ገዝቶ በሥርዓቱ ይፈርማል። ይህን ራሴ አስተምሬያለሁ፣ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ፓስ የሚለውን ሳይ ጠፋኝ።

አጎትየው እጃቸውን ከማውዙ ላይ አነሱ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ስልክ ላይ ተጥደሽ ትውያለሽ እያልኩ ስቆጣሽ ነበር» አሏት። «ከዛሬ ጀምሮ አልቆጣም። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት።» ቡናው ሲቀዳ የመጀመሪያው ሲኒ ለእሷ ተሰጠ። ለእኔ ሁለተኛው ደረሰኝ፤ አልተቀየምኩም። ዳገቱን ስንመለስ ግን ብዙም አላወራሁም። ተማሪ ሲያርመኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሊያስለቅሰኝም ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ያልተሳካም አለ። የሚኒ ሚዲያ ፕሮግራማችን ከሦስተኛው ዝግጅት በኋላ ማይክሮፎኑ ተበላሽቶ ቆመ። በወላጆች ቀን ሠርቶ ማሳያችን መሃል ላይ መብራት ሄደ፤ ልጆቹ የቀረውን በጠመኔ ጨረሱት።

ለኳስ ቡድኑ በየዓመቱ ማልያ ይገዛል። አልቀናሁም፤ እኔም ከሜዳው ዳር ቆሜ እጮሃለሁ። ኮምፒውተር ክፍሉ ግን ሁለት ዩፒኤስና አንድ ዋይፋይ ራውተር ይፈልጋል። ለቆሙት አምስት ኮምፒውተሮች ደግሞ ሃርድ ዲስክ። ከሁሉም በፊት፣ ልጆቹ የእኔን ላፕቶፕ ተራ የማይጠብቁበት አንድ የክበቡ ላፕቶፕ።

የቀድሞ ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ መርዳት የምትፈልጉ የትምህርት ቤቱን የሂሳብ ቁጥር ከገንዘብ ያዥዋ ቢሮ መጥታችሁ ውሰዱ። ሩቅ ያላችሁ ዘመድ ላኩ። በኢሜይል አንልከውም። «የአይሲቲ ክበብ ነኝ፣ እዚህ ተጭነው ይለግሱ» የሚል ከመጣላችሁ እኛ አይደለንም።