አዲሱ ፓፓ በሩን ዘጉት ወይስ ከፈቱት?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ስላላቸው አቋም የሚወራው ተምታቶብኛል። ገሚሱ «ለዘመኑ እጅ ሰጡ» ይላል፤ ገሚሱ «የቀድሞው ፓፓ ፍራንሲስ የከፈቱትን በር ዘጉ»። ሁለቱም ቸኩለዋል።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ምእመናን የሚሟገቱትን የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ካህን ጄምስ ማርቲንን ተቀብለው አነጋገሩ። በዚያው ወር በወጣ ቃለ መጠይቅ ግን ጋብቻ የወንድና የሴት ነው አሉ፤ ሁሉም ሰው ተጋብዟል ብለውም ጨመሩ። ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2023 ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የፈቀዱትን ቡራኬ አልሻሩም። በአንዳንድ የሰሜን አውሮፓ አገሮች ለቡራኬው የራሱ ሥርዓተ ጸሎት እየወጣለት መሆኑን ግን ነቅፈዋል።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ ጋብቻ የምታስተምረው ትምህርት በቅርቡ ይለወጣል ብለው አያስቡም፤ ግን ስለ ለውጡ ከማሰባችን በፊት አመለካከት መለወጥ አለበት ብለዋል። ታዲያ ይህ «አይሆንም» ነው ወይስ «ቆይ ገና ነው»?

አንባቢያችሁ