የዚያ የፖም ነገር

ወንድም ዓለም፣

አራት ዓመት ዝም ብዬህ ዛሬ ከሩሲያ ስጽፍልህ «ይሄ ሰው አበደ እንዴ?» ትል ይሆናል። ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ሚቹሪንስክ ነው ያለሁት። ከሞስኮ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጸጥ ያለ ከተማ ነው፤ ወሬው ሁሉ ፖም ነው። የድሮ ስሙ ኮዝሎቭ ነበር። በፈረንጆች 1932 የፍራፍሬ ዛፍ አዳቃዩን የኢቫን ሚቹሪንን ስም ለክብሩ አወጡለት፤ ያውም ሰውየው በሕይወት እያለ!

ሚቹሪን የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበር። ደመወዙ አልበቃው ሲል ሰዓት ይጠግን ነበር። የቀረችውን ጊዜ ለዛፍ ሰጠ። የደቡብ ዝርያዎችን አምጥቶ፣ ብርድ በሚችሉ የአገሩ ዛፎች ላይ እየቀጠለ ሊያለማምዳቸው ሞከረ። ውርጩ መጥቶ ፈጃቸው። የዓመታት ልፋት በአንድ ብርድ! ከዚያ ነው ማዳቀል የጀመረው። በ1900 ደግሞ ችግኞቹን ከለሙ መሬት ነቅሎ አሸዋማ፣ ደሃ አፈር ላይ ተከላቸው። ምቾት ያሰንፋቸዋል ብሎ ነው። «አንቶኖቭካ 600 ግራም» የሚሉት ፖም የሱ ነው። ስሙን ስሰማ ሳቅሁ፤ ቁርጥ ሥጋ ያዘዙ ነው የሚመስለው።

ሚቹሪን ከሞተ በኋላ ግን ሊሴንኮ የሚባል የስታሊን ዘመን የግብርና ሰው ስሙን የጄኔቲክስ (የዘር ውርስ) ሳይንቲስቶችን መምቻ ዱላ አደረገው። በፈረንጆች 1927 እኛ አገር ድረስ መጥቶ የስንዴ ዘር የሰበሰበው የዕፅዋት ሳይንቲስት ቫቪሎቭ ሚቹሪንን ኮዝሎቭ ድረስ ሄዶ ጠይቆት ነበር። ቫቪሎቭም ከተመቱት አንዱ ሆኖ በ1943 እስር ቤት ሞተ። ይሄን ሳስብ ፖሙ አፌ ላይ ይመራል።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ። ከጨንቻ ያመጣሁልህ ችግኞች ደብረ ብርሃን ላይ ሲደርቁ አንተ አፈሩን ረገምክ። እኔም ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፦ አዲስ አበባ መናኸሪያ ምሳ ልበላ ገብቼ፣ ሥሮቻቸውን ሳልሸፍን ፀሐይ ላይ ትቻቸው ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ገንዘብህን ይዤ፣ ስህተቱን ባንተ መሬት ላይ ለጥፌ ጠፋሁ። ስትደውልልኝ ያላነሳሁት ለዚህ ነው፤ ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም።

ትናንት አስተማሪያችን የችግኝ ሥር በእርጥብ ጆንያ ሲጠቀልል አየሁና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

እናልህ፣ አጥሩ ጥግ የነበረችው አንዷ ቅጠል ጀምራ ነበር። አለች እንዴ? እማማን ሳምልኝ። በመስከረም ስመለስ በሩን ከከፈትክልኝ፣ ዋጋውን ይዤ እመጣለሁ።

ያው ጥፋተኛው ወንድምህ