ትከሻሽን አትደብቂኝ

እማዬ፣ ትናንት ኮችሽ ደውሎልኝ ነበር። አትደንግጪ፣ ክስ አይደለም። ትከሻዋን ሳያማት አይቀርም፣ ስጠይቃት ግን ምንም አልሆንኩም ትለኛለች አለኝ። እኔም ቦርሳሽን በግራ ብቻ ስታንጠለጥዪ፣ ፀጉርሽን በአንድ እጅ ለማስያዝ ስትታገዪ አይቻለሁ፣ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው። በአፍ ስጀምር ኢርፎን ስለምትሰኪ በጽሁፍ ይሁን። እያመመሽ ደብቀሽ አትዋኚ።

የጡንቻ ድካምና ትከሻ ውስጥ ወጋ የሚያደርግ ህመም አንድ አይደሉም። ድካሙ ስታርፊ ይለቅሻል፣ ያኛው ግን እጅሽን ከጭንቅላትሽ በላይ ባነሳሽ ቁጥር ይመለሳል።

ደሞ ኮች ቀለል አድርጋችሁ ዋኙ ያለውን ለምንድነው ውድድር የምታደርጊው? 8 ጊዜ 100 ሜትር በዝግታ ሲባል አንቺ ከጎንሽ ካለችው ልጅ ቀድመሽ ግድግዳ ለመንካት ትጣደፊያለሽ፣ ዋናው ዙር ሲመጣ ጉልበት የለሽም፣ ሰዓትሽ ይበላሻል፣ ትናደጂና በማግስቱ ከማሟሟቂያው ጀምረሽ ትሮጫለሽ። ቀላሉ ዋና እኮ የሰነፍ አይደለም፣ ትንፋሽሽም አቀዛዘፍሽም የሚሰራው እዛ ነው። ሲደክምሽ ክርንሽ ይወርዳል፣ ክርንሽ ሲወርድ ጫናው ትከሻሽ ላይ ነው።

አጎትሽ ለምን ውሃ እንደማይገባ ጠይቀሽኝ ነበር። በልጅነቱ የሚቀድመው አልነበረም። ከእኩዮቹ በፊት ስለረዘመ ነበር፣ ያኔ ግን ማን ልብ ብሎት፣ ሁሉም ተሰጥኦ ነው አለ። ከዛ ሌሎቹም ረዘሙ። ይቀድማቸው የነበሩት ሲቀድሙት ልምምዱን እጥፍ አደረገ፣ ከሁሉም በፊት ገብቶ ከሁሉም በኋላ ይወጣል፣ ማታ ማታ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ይዞ ይተኛል። ለአባባ እንዳልናገር አስማለኝ፣ አልተናገርኩም። አንድ ቀን የዋና መነጽሩን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቶ መጣ፣ በቃ። ያኔ ብናገር ኖሮ እላለሁ እስካሁን፣ እሱ ግን ስለዛ ነገር አንስቶ አያውቅም። ስለዚህ ደብቀሽ አትዋኚ ስልሽ ዝም ብዬ አይደለም።

ያንቺ ሰዓት ለወራት አልወርድ ማለቱ ስንፍና አይደለም፣ ሰውነትሽ እየተለወጠ ነው፣ ቁመትሽም ክብደትሽም ሌላ ሆኗል፣ ውሃ ውስጥ እንደ አዲስ መልመድ አለብሽ። ያ የምትወጂው ፌልፕስ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ በ15 አመቱ በ200 ሜትር ቢራቢሮ 5ኛ ነው የወጣው፣ ሜዳሊያ አልያዘም። ሌላው አሜሪካዊ ዋናተኛ ድሬሰል ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ 5 ወርቅ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የአለም ሻምፒዮና መሃል ውድድሩን ትቶ ወጣ፣ ለወራት ከገንዳ ርቆ ተመለሰና ፓሪስ ላይ በቅብብል እንደገና ወርቅ አገኘ። እና አንድ ሳምንት ብታርፊ ምን ትሆኛለሽ?

ጠዋት ጠዋት ሙድ የለኝም ማለትሽ አያስፈራኝም። ልተው ካልሽም አልቆጣም፣ አውርተን እንተወዋለን። ግን ቦታዬን ይወስዱብኛል ብለሽ በፍርሃት እያመመሽ እንዳትገቢ። ውድድሩ ያመልጠኛል ብለሽም እንዳትጀምሪኝ!

ስልኩን ሳሎን ትተሽ በጊዜ ተኚ። ቅዳሜ ጠዋት ፊዚዮቴራፒስት ጋ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ፣ እጅጌ የሌለው ልብስ ልበሺ፣ የቱ ጋ እንደሚያምሽ አንቺው ትናገሪያለሽ፣ እኔ አፍ አልሆንልሽም። የእጅ ፓድሎችሽን፣ እነዛን ስትዋኚ መዳፍሽ ላይ የምታስሪያቸውን ፕላስቲኮች፣ ከቦርሳሽ አውጥቻቸዋለሁ። ቁምሳጥኑ ላይ አትፈልጊያቸው፣ እዛ የሉም።

እናትሽ